የስኳር መጠቅለያ እንግሊዝኛ

ማመልከቻ ጸሐፊው ለይኩን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሬዲዮ ቀብሯል ተባለ። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ከየካ ተነሥቶ በኪዳነ ምሕረት መንገድ ሽቅብ ይወጣል፤ ባሕር ዛፉ መሀል ቆሞ በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ያወራል። አየሁ ያለው የቀበሌው ጥበቃ ሣህሌ ነው። በደርግ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ያሳስር ስለነበር፣ የሰማን ሁሉ ተጠንቅቀን ለአንድ አንድ ሰው ብቻ ነገርን።

ሬዲዮ ግን አልነበረም። ለይኩን እዚያ ወጥቶ የሚያነበው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ጮክ ብሎ፣ ፈረንጅ አፍ ውስጥ ትገባ እንደሆነ ለማየት።

ዓረፍተ ነገሯ የእትዬ ዘውድነሽ ናት። ዘውድነሽ ስዊድኖች በከፈቱት ክሊኒክ ሰባት ዓመት ቁስል ስታጥብ ኖራ፣ ክሊኒኩ ሲዘጋ ነጮቹ አገራቸው ገቡ፣ እሷም ቤቷ ተቀመጠች። አሁን አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ፈልጎ የሥራ ልምድ ማስረጃ በሁለት ወር ውስጥ አምጪ አላት። ያንን መጻፍ የምትችለው ስዊድን ያለችው የድሮ አለቃዋ ሲስተር ኢንግሪድ ብቻ ናት። ለይኩን ዘንድ መጥታ ጉዳዩን ነገረችውና «መጨረሻው ላይ ዓይኔ ደጅሽ ላይ ነው በልልኝ» አለችው።

ማይ አይ ኢዝ ኦን ዩር ጌት።

ለይኩን ጻፋትና ብዕሩን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ደጇ ላይ የተቀመጠ ዓይን ቢታያትስ?

እንግሊዝኛን ያስተማረው የጀይላን ሱቅ ነው። ጀይላን ስኳር የሚጠቀልልበትን የእንግሊዝኛ መጽሔት ቅዳጅ እየለመነ ሁለት ካርቶን ሞልቷል። አንድ አባባል እዚያ ታትሞ ከተገኘ እንግሊዝኛ ነው፤ ካልተገኘ ይሰረዛል። በዚህ ሚዛን ነው ደንበኛው አገርነሽ ለንደን ላለው ለልጇ ባል «በማይበገር የትግል ጓድነት እንኳን ልጅህን አቀፍህ» ብላ በሱ እጅ ያስጻፈችው። አልመለሰም፤ ለይኩንም ፖስታ ቤቱን ሲያማ ኖረ።

የዘውድነሽን ዓይን ሦስት ቀን ካርቶኑ ውስጥ ፈለጋት፤ የለችም። መሰረዝም አልሆነለት፤ ዳገት መውጣት የጀመረው ያኔ ነው። በአሥረኛው ቀን ካርቶኑን ተሸክሞ ኢታና ዘንድ ሄደ፤ ኢታና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። አንዱን ቅዳጅ አንሥቶ ግርጌውን አየና፣

«ይሄ እኮ ሞስኮ የታተመ ነው» አለው።

«ታዲያስ? እንግሊዝኛ አይደለም?»

«የጻፉት ሰዎች እንዳንተው ተምረውት ነው።»

«እነሱ ግን ማተሚያ ቤት አላቸው።» ለይኩን ለመሣቅ ሞከረና ዓረፍተ ነገሯን አሳየው። «እሺ፣ የዘውድነሽ ነገር ያስኬዳል ወይ?»

«ይገባል። ይባላል ወይ ካልከኝ፣ እኔንም ያስተማረኝ ህንድ ነው።»

ለይኩን ቤቱ ገብቶ መቀመጥ አቃተው። ይነሣል፤ በር ይከፍታል፤ ይዘጋል። መልስ ያልመጣላቸውን ደብዳቤዎች መቁጠር ጀምሮ አገርነሽ ላይ ሲደርስ ተወው። ደብዳቤውን አምስት ጊዜ ገልብጦ አምስት ጊዜ ቀደደው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ዘውድነሽ መጣች።

«መልስ መጣ?»

«አልተላከም፣ እትዬ። ያች የዓይን ነገር…»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ? ቀን እየሄደብኝ?»

«ፈረንጅ እንዲህ እንደሚል እርግጠኛ አይደለሁም። እንዳይሣቅብዎት ብዬ ነው።»

«ኢንግሪድ ፊደሉ አልገባላት አለ እንጂ የኔን አነጋገር ታውቀዋለች። መድኃኒት ባለቀ ቁጥር እንዲያ ነበር የምላት። ሌላውን ማንም ይጽፈዋል፤ ከኔ መምጣቱን በምን ትወቀው?»

ለይኩን ደብዳቤውን እሷ ፊት ለስድስተኛ ጊዜ ገለበጠው፤ ዓይኗንም እንዳለች ተዋት። አብረው በአውቶቡስ ዋናው ፖስታ ቤት ወረዱ። ዘውድነሽ ቴምብሩን ለጥፋ ፖስታውን ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ወደ በሩ አመራች። እሱ ግን ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ቀረ፤ ሰልፍ የያዘውን ሰው ሁሉ የሚጠይቅ ይመስል፣

«ብትሥቅም እኮ፣ የሣቀ ሰው ይመልሳል… አይደል?» አለ።