ምትክ ቤት

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ «ወይዘሮ መጠይቅ» ይላታል። ሥራዋ ለዩኒቨርሲቲው መረጃ መሰብሰብ ነው፤ አዲስ ጥናት በመጣ ቁጥር ቅጿን ታቅፋ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቃለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስለኖረች ሥራው አፏ ላይ ቀርቷል። እኛ ቤት ምሳ በልታ እናቴ «ጠገብሽ?» ስትላት «በከፊል» ብላ ትመልሳለች።

በሥራዋ ደንብ ግን ቀልድ አታውቅም። ዕጣ የወጣለት ቤት ዝግ ከሆነ ሌላ ቀን ተመልሶ ማንኳኳት ነው፤ አሁንም ዝግ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ቤት በምትኩ ይጠየቃል። ጠያቂ ስለ ዘመዱ ያወቀውን ከራሱ አይጽፍም። ይህን ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ ሳትሳሳት ትወጣዋለች።

እናቴ ታላቅ እህቷ ናት፤ መሀል ከተማ ባለው ሆስፒታል አንሶላና የሐኪም ጋውን ታጥባለች። ሥራ የምትገባው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈራችን አሥራ አንድ ሰዓት የሚነሳውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ ትይዛለች። ቁልቁለቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ከአልጋ እስክትወርድ እንኳ ስንት ልመና ይፈልጋል።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ ማስታወቂያ ተለጥፎ ረዳቱ አንብቦላቸዋል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የመጀመሪያው ጉዞ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ዩኒቨርሲቲው ባደረገው ጥናት፣ ኮረብታው ላይ ከመቶ ቤት የንጋቱን አውቶቡስ የሚጠቀሙት ስድስት ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ለእናቴ ይህ ማለት ሥራዋ ቀረ ማለት ነው።

አክስቴ እኛው ቤት ተቀምጣ ነበር። ሰፈሩን ዞራ የጠየቀችው እሷ ናት።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለቻት እናቴ።

«ቤትሽ ዕጣ ወጥቶለት ነበር እኮ፣ እትዬ። ሁለቴ መጥቼ ዝግ ሆነብኝ።»

«ሥራ ላይ ነኛ። በምን እንደምሄድ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ግን እኔ ስለማውቀው አይጻፍም።»

«እና ማንን ጠየቅሽ?»

አክስቴ የቀሚሷን ጫፍ ማስተካከል ጀመረች። «ጎረቤትሽን። ጡረተኛውን።»

ጡረተኛው ማለት ከግቢው ንቅንቅ የማይል፣ የአውቶቡሱ ጩኸት እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ነው። እንግዲህ በእናቴ ምትክ የተጠየቀው እሱ ነው። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «እንጀራዬን ለሱ ሰጠሽው» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አክስቴም ቦርሳዋን አንስታ ሳትሰናበት ወጣች።

በማግስቱ ንጋት እናቴን ሥራዋ ድረስ ልሸኛት አብሬያት ስወጣ፣ አክስቴን ፌርማታው ላይ ቆማ አገኘናት። የእሷ ሥራ የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ስለሆነ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን አብራን ገባች። መቀመጫ ቀርቶ መቆሚያም ጭንቅ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ዘበኛው፣ መንገድ ጠራጊዋ፣ ነርሷ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ አንዳንዱም እንደ ቆመ ያንቀላፋል። አክስቴ በልማዷ መቁጠር ጀመረች። ስልሳ ሁለት ላይ ስትደርስ መቁጠሯን ተወች።

«አንዳቸውንም አላውቃቸውም» አለችኝ። «ቀን ቤቱ የሚውለውን ሰው ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። እነዚህን ግን፣ በዚህ ሁሉ ዓመት፣ አንዳቸውንም።»

ያን ዕለት ከሰዓት ቅጾቿን ዘርግታ አብረን ቆጠርን። በእያንዳንዱ ጥራዝ መጨረሻ ዝግ ቤቶች የሚመዘገቡበት ገጽ አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባው የለም። ከመቶው ቤት አርባ አንዱ ምትክ ነበር። ጠያቂው በሥራ ሰዓት ያንኳኳል፣ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ሥራው ላይ ነው፤ ታዲያ የሚመልሰው ሁልጊዜ ቤት የዋለ ነው። ይኼን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኔም እዚያው ቤት እየኖርኩ አላሰብኩትም።

ጥራዞቹን ተሸክመን ጥናቱን የመራችው የዩኒቨርሲቲ መምህርት ዘንድ ሄድን። ወጣት ናት፤ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነበር፤ ሪፖርቱም ከእጇ ወጥቷል። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች።

«አርባ አንድ?» አለች። «እኔ ‹ጥቂት ቤቶች ተተክተዋል› ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አሁን አክስቴ ላይ ታላክካለች ብዬ ስጠብቅ «ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለችና ስልኩን አንስታ ትራንስፖርት ቢሮ ደወለች። ያቺን ሴት የወደድኳት ያኔ ነው።

በሳምንቱ ቢሮው አዳራሽ ተሰበሰብን። እናቴም ከሥራ ቀጥታ መጥታ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። የቢሮው ኃላፊ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መምህርቷን አዩአት።

«ባለፈው ወር ስድስት አላችሁ። ዛሬ ተሳስተናል ትላላችሁ። እኔ የትኛውን ልያዝ?»

መምህርቷ ስለ ምትክ ቤቶቹ አስረዳች፤ አልጣማቸውም። ደንቡ ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም ብለው ጠየቁ። በዚህ ጊዜ አክስቴ ተነሳች።

«አልተጠበቀም፣ ጌታዬ» አለች። «ሁለቴ አንኳኩቻለሁ ብዬ ከፈረምኩበት፣ አንዴ ብቻ የሄድኩበት አለ። ዳገቱ ሲከብደኝ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቤት ነው።» ወደ ኋላ ዞረች። «የእህቴም ቤት አለበት።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ አፈርኩም፣ ኮራሁም፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

«ስለዚህ የድሮውን ይተዉት» አለች አክስቴ። «እሑድና ከሥራ መልስ እየሄድን እንደገና እንጠይቅ። ያኔም ስድስት ከሆነ፣ አውቶቡሱን ያንሱት።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እዚህ ቢሮ ሌላው ተሳሳተ ብሎ የማይመጣ የለም» አሉ። «እኔ ተሳሳትኩ ብሎ የመጣ ግን አላስታውስም።» የሰዓቱ ለውጥ በሁለት ወር እንዲዘገይና ቤቶቹ እንደገና እንዲጠየቁ ወሰኑ።

አክስቴ ከሥራ አልተባረረችም፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት፣ አብሯት የሚዞር ሰውም ተመደበ። እናቴ ግን አኮረፈቻት። ደንቡንስ ደንብ ነው ብላ ትታው ነበር፤ አንዴ መጥታ ሁለቴ መጣሁ ማለቷ ግን አልዋጥ አላት። ሳምንት አልፎ ሳምንት ቢመጣም አክስቴ ደጃችንን አልረገጠችም።

እኛን የጠየቀን ሌላ ሰው ነው። እናቴ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጀርባዋን አቅንታ መለሰች። ስንት ሰዓት ትነሻለሽ፣ በምን ትሄጃለሽ፣ ባይኖር ምን ታደርጊያለሽ። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ስታጣ ጠያቂው ልጅ «አላውቅም የሚል ምርጫም አለ» አላት።

ሁለተኛው ውጤት አርባ አራት ሆነ። የንጋቱ አውቶቡስ በነበረበት እንዲቀጥል ተወሰነ፤ መምህርቷም የትኛውም ቤት በዕረፍት ቀን ሳይንኳኳ በሌላ እንዳይተካ ደንቡን ቀየረች። ቀጥሎ የመጣው የጤና ጣቢያ ጥናት በዚሁ ደንብ ተሠራ፤ አሁን ጤና ጣቢያችን እሑድም ይከፍታል።

አክስቴ የውሳኔውን ቅጂ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። እናቴ ግቢም አትግቢም አላለቻትም፤ ወረቀቱን ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝና አነበብኩላት። አርባ አራት የሚለውን መስመር ሁለቴ አስደገመችኝ።

«ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለች።

«ስም አይጻፍም፣ እትዬ። ቁጥር ብቻ ነው።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ውስጥ መኖሬን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «ከአርባ አራቱ አንዷ አንቺ ነሽ።»

እናቴ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና በሩን ለቀቀችላት።