ስለ በር ጠባቂው የዋሸሁት

ጆይስቲኩ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የወልድያ ሙቀት ላስቲኩን ስላላላው ጣት ላይ ይጣበቃል። ከአራቱ ቁልፎች የአንዱ ምልክት ፈጽሞ ጠፍቷል፤ የወንድሜ አውራ ጣት ነው የጨረሰው። ማሽኑም ቴሌቪዥኑም ስለሌለ ገመዱ ከምንም ጋር አይገናኝም። ትናንት ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ አንድ ጌም ቤት በር ላይ ቆመና ከውስጥ የልጆች ጩኸትና የሰይፍ ድምፅ ሰማሁ። ቤት ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መሳቢያውን ከፈትኩት። ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ዛሬ ልንገራችሁ። እናቴም አታውቀውም።

ያኔ የምንኖረው መርሳ ከተማ ነበር። አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋረጠ፤ ትንሽ ቆይቶም የአባታችንን የፍራፍሬ መጋዘን ጌም ቤት አደረገው። ወለሉን አጥቦ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ፣ በሩ ላይ አምፖል ሰቀለ። የማንጎው ሽታ ግን አልወጣ አለ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ከግድግዳው ይነሳና ከላብና ከጋለ ፕላስቲክ ሽታ ጋር ይደባለቃል። በሚስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያርፍ ወንድሜ የማዳበሪያ ከረጢት ጋርዶበት ነበር። እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ ማንጎ አላሸትም፤ እያየሁ ብቻ እገዛለሁ።

ሌሎቹ ጌም ቤቶች ኳስ ነበር የሚያጫውቱት። የእኛ ግን ታሪክ ያለው ጌም ነበረው። ሰዎቹ ከመዋጋታቸው በፊት ብዙ ያወራሉ፤ የሚሉት ከሥር በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ተጫዋቹ ሁሉ ምን እንደሚሉ ማወቅ ፈለገ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ የሚበልጠኝ አልነበረም፣ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አልፈቅድም ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ ጠራኝ።

«ነይ እስቲ፣ ይሄ ሽማግሌ ምንድን ነው የሚቀባጥረው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቱርጁማኗ» ተባልኩ። የተገለበጠ የማንጎ ሳጥን ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ ተሰጠኝ። እናቴ «ከወንድ መሀል ምን ታደርጋለች» ብላ ብታጉረመርምም ወንድሜ «እማ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ» አላትና በዚያው አለፈ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከተራራ ሥር አንዲት ከተማ አለች። በየትውልዱ ከሸለቆው ጨለማ ይወጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን የከተማዋ በር ላይ ካልቆመ ከተማዋን ይውጣታል። የቆመው ሰው አይመለስም። ስሙ ከተራራው አናት ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ይገኛል። በዚያ ትውልድ ሊቆም የተነሳው የአንዲት ልጅ ወንድም ነው፤ ከተማው ሁሉ ድንጋዩ መረጠው ይላል። እኛ የምንጫወተው እሷን ሆነን ነው። ዕጣውን እምቢ ብላ፣ ድንጋዩን ልትሰብር ተራራውን ትወጣለች።

በዚህ ጉዳይ የነበረውን ክርክር ብትሰሙ! ጎረቤታችን የነበረ መካኒክ ከሥራ ሲወጣ እጁ በግራሶ እንደተበከለ ይመጣና ሳይጫወት ቆሞ ያያል። እኛ እስላሞች ነን፣ እሱ ክርስቲያን ነው፤ ከወንድሜ በዕድሜ ብዙ ይበልጣል፤ እኔ ጋሼ ነበር የምለው።

«ልጅቷ ልክ ናት፤ ይሰበር!» ይላል።

«የተጻፈን ማን ይፍቃል?» ይላል ወንድሜ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

«እና ዝም ብሎ መሞት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ቱርጁማኗን ጠይቃት።»

እኔን መጠየቅ አልነበረባቸውም። ወንድሜ ትዕግሥት የለውም፤ ጽሑፉን የሚያሳልፈውን ቁልፍ ገና ሳላነብ ይጫነዋል። «ቆይ፣ አልጨረስኩም!» እያልኩ ስጮህ ነበር የምውለው። አንድ ቀን የሞተው የቀድሞ በር ጠባቂ መንፈስ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ለልጅቷ ወንድም ረጅም ነገር ተናገረው። እኔ ድንጋይ የሚለውን፣ ስም የሚለውን፣ በር የሚለውን ብቻ ለቀም አደረግኩ። ጽሑፉ አለፈ። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞሮ ይጠብቃል። አላነበብኩትም ማለት አቃተኝ።

«ድንጋዩ ጽፎሃል፣ በሩ ከኋላህ ተዘግቷል፣ ማምለጫ የለህም ይለዋል» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። መካኒኩ «እግዚኦ!» አለ። ከኋላ አንዱ «ላ ሃውለ» ሲል ሰማሁ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ያን ያህል ሰው በአንድ ቃል ዝም አሰኝቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተሸንፈው እንደገና ሲጀምሩ ያው ቦታ ተመልሶ መጣ። በዚያን ጊዜ ወንድሜ ቁልፉን አልተጫነም፤ ጊዜ ሰጠኝ። አነበብኩት። ሽማግሌው እንዲህ ነበር የሚለው፦ «በሩ ክፍት ነው፣ መሄድ ትችላለህ። ድንጋዩ ማንንም አይመርጥም። የቆመውን ሰው ስም ኋላ ይጽፈዋል እንጂ።»

ፊቴ ነደደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን እናቴ ስትል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ገባኝ። ልጅቷ ተራራውን የምትወጣው በከንቱ ነው፤ የምትሰብረው ዕጣ የለም። እኔ ግን ያንኑ ውሸቴን ደገምኩት። ወንድሜ ትንሽ አየኝና ቁልፉን ተጫነ።

ጌሙ መጨረሻው ላይ ሁለት ምርጫ እንደሚሰጥ ሰምተን ነበር። ሳንደርስበት ጦርነቱ ደረሰብን። መጀመሪያ መብራት ጠፋ። ከዚያ በወልድያ በኩል እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ መጣ፤ በየቀኑም ቀረበ። ጌም ቤቱ ተዘጋ። ሰው በአውራ ጎዳናው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ይነጉድ ጀመር፤ ከግራናም ከሐራም የመጡ ነበሩበት።

እኛ የምንወጣበት ዕለት ጠዋት፣ ከቤታችን ጎን የምትኖር አንዲት ክርስቲያን ባልቴት ሞታ ተገኘች። እዚህ ላይ የወሎን ነገር ላስረዳ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ከየቤቱ አንድ ወንድ ዶማውን ይዞ መቃብር ይቆፍራል፤ እስላም ክርስቲያን የለም። ያልወጣ ቤት የራሱ ሰው ሲሞት ቅሬው ፊት ይነሳዋል። ከአባታችን ሞት በኋላ የእኛ ቤት ወንድ ወንድሜ ብቻ ነበር።

ያን ጠዋት ግን የቅሬው ዳኛ፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ በየበሩ እየዞሩ ይናገሩ ነበር። «ዛሬ ማንንም አንቆጥርም። ቤተሰብ ያለው ቤተሰቡን ይዞ ይውጣ። ቅሬው አፉ ብሏችኋል፣ የቀረ አይወቀስም።»

የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ወንድሜ ፍራሹን አሰረ፣ እናቴን ደግፎ አወጣት፣ እኔን አነሳኝ። ከዚያ ወረደ። ዶማው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር።

«ልጄ፣ ዳኛው አፉ አሉ እኮ!» አለች እናቴ።

«እማ፣ ያባዬን መቃብር ማን ቆፈረው? የሷ ልጅ አልነበረም? ዛሬ ልጇ ያለበት አይታወቅም። ለአፈር እናብቃትና ማታ እደርስባችኋለሁ።»

ወደ እኔ ቀረበና ጆይስቲኩን፣ ገመዱን ጠቅልሎ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠው።

«ያዢልኝ። ያላንቺ እንዳልጨርሰው።»

«አብረኸን ና፣ ወንድምዓለም» አልኩት።

ሳቀ። «ምን ላድርግ፣ ድንጋዩ ጽፎኝ!»

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ዋሽቼህ ነው፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሽማግሌው ሂድ ነው ያለው፤ ይህችን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አፈርኩ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል፣ አፈርኩ! መኪናው ተንቀሳቀሰ። ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ባልቴቷ ቤት ሲሄድ ከጀርባው አየሁት። የለበሰው ሸሚዝ አንገቱ ላይ ተቀዶ ነበር፤ ልሰፋለት ቃል ገብቼ የተውኩት።

ማታ አልደረሰብንም። ሳምንቱም ወሩም እንዲሁ አለፈ። ስልክ አይሠራም። እናቴ ከሰሜን የመጣውን ተፈናቃይ ሁሉ ትጠይቃለች፤ እኔ አልጠይቅም ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ስንመለስ ጌም ቤቱ በር አልነበረውም። ውስጡ የቀረው የማንጎ ሳጥኖቹና ያ የማዳበሪያ ከረጢት ብቻ ነው። መካኒኩ ሊያየን መጣ። ቆቡን አውልቆ ደጃፉ ላይ ሲቆም እናቴ ሳይናገር ገባት፤ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

ባልቴቷን ቀብረው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲመለሱ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ወንድሜ ዶማዎቹን ሰብስቦ ኋላ ነበር የሚመጣው። ዳኛው የጀናዛውን ሶላት ሰገዱበት፤ መካኒኩና ሌሎች ሁለት ሰዎች በዚያው ዶማ ቆፈሩለት።

በማግሥቱ መካኒኩ መቃብሩን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። እዚያ ነው የነገርኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩት፤ ማምለጫ የለህም ብዬ የተረጎምኩለት እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን አወቅሁ ብዬ ወንድሜን አስቀረሁት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እህቴ» አለ፣ «እየቆፈርን እኔም ሂድ ብዬው ነበር። ዳኛው ለቀዋችኋል፣ ድንጋይ ጻፈ አልጻፈ የልጅ ጨዋታ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ድንጋዩ ኋላ ነው የሚጽፈው አለኝ።»

የመቃብሩን አፈር እያየ ቀጠለ።

«ያኔውኑ ጽሑፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለአንድ የእንግሊዝኛ መምህር አሳይቶ ኖሯል። እህቴ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ዝም አልኩ አለኝ።»

መካኒኩ ሊያጽናናኝ ነበር የነገረኝ፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ግን እስከዚያች ቀን የያዝኩት የራሴ ጥፋት ነበር፤ ጥፋት ደግሞ ቢያንስ የሚያዝ ነገር ነው። በሩ ክፍት መሆኑን እያወቀ መቆሙን ስሰማ የምይዘው አጣሁ። ተናደድኩበት። አሁንም አንዳንድ ቀን እናደድበታለሁ፤ ለእኔ ሲል አንዲት ውሸት የተሸከመ ሰው ለእኔ ሲል መኪናው ላይ መውጣት እንዴት አቃተው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ባልቴቷን ያለ ቀባሪ ትቶ የሚመጣ ወንድም እንዳልነበረኝ አስባለሁ።

የጌሙን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላየሁትም። የሥራ ባልደረባዬ፣ ሰው ሲጫወተው የተቀረጸው ሙሉው ስልኬ ላይ አለ፣ ላሳይሽ ብላኝ ነበር፤ ተዪው አልኳት። ትናንት ግን ጆይስቲኩን ከመሳቢያው አውጥቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምልክቱ በጠፋው፣ ጽሑፉን በሚያሳልፈው ቁልፍ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ፤ የእሱ ጣት ያጎደጎደው ቦታ ለእኔ ጣት ይሰፋል። አልተጫንኩትም። «ቆይ፣ ወንድምዓለም» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፣ «ገና አልጨረስኩም።»