ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባው ማን ነው?

ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ "ለዛሬ ዝም ብለሽ ቢሮውን ተመልከቺ" የሚል ነበር። ዝም ብሎ ማየት ደግሞ አይሆንልኝም። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ኪቦርዶቹን ገለበጥኩና ከሥራቸው የተለጠፉትን ወረቀቶች ለቀምኩ። ሁሉም ላይ የይለፍ ቃል ተጽፎባቸዋል። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አራት ሰበሰብኩ። አሥራ አምስተኛው የድርጅቱ ባለቤት የአቶ ሰይፉ ነበር፤ እሳቸውማ መደበቅም አላስፈለጋቸውም፣ ስክሪናቸው ጠርዝ ላይ ለጥፈውታል።

"አንቺ ሰው አታምኚም እንዴ?" አሉኝ ወረቀቶቹን ፊታቸው ስዘረግፍ።

"ሰው አምናለሁ፤ ወረቀት ነው የማላምነው" አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ሰውም አላምንም ነበር።

ቢሯችን አዲሱ ገበያ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምንሠራው የሐበሻ ልብስ ጥለት ነው። ነዳፊዎቹ ጥለቱን በኮምፒውተር ይሥላሉ፣ የክሩን ቀለም ይመርጣሉ፣ ሲጸድቅ ሽሮ ሜዳ ላሉት ሸማኔዎቻችን ይላካል። አዲስ ጥለት ከበዓል በፊት ሌላ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ ከታየ አለቀለት፤ የወራት ልፋት ነው የሚባክነው። የእኔ የሥራ መደብ "የኔትወርክ ደኅንነት ኃላፊ" ይባል እንጂ ዋናው ሥራዬ ጥለት እንዳይሾልክ መጠበቅ ነው።

ያኔ ሥራው ቀላል ነበር። ፋይሎቹ ሁሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ነበሩ። ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራ ፋየርዎል የሚባል መሣሪያ ነበረን። ቢሮ ውስጥ ያለ የእኛ ሰው ነው፣ ውጭ ያለ ባዳ ነው። የክፍሏ ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ስለሚያድር እኔም እንቅልፌን እተኛ ነበር።

በኋላ ነዳፊዎቹ ከየቤታቸው መሥራት ጀመሩ። አንዱ ከዊንጌት፣ አንዷ ከቀጨኔ፣ አንዷ ደግሞ ከአራስ ቤት ሆነው ይገባሉ። መጀመሪያ ቪፒኤን ሰጠናቸው፤ ከቤታቸው እስከ ሰርቨሩ የተዘረጋ የተቆለፈ መስመር ማለት ነው። መስመሩ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ፣ አንዴ የገባ ሰው ቤቱን ሁሉ እንደ ልቡ ይዞርበታል። ይሄ ደስ አላለኝም።

ስለዚህ ፋይሎቹን ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከራይ ማከማቻ፣ አዛወርናቸው። ጥበቃውም አብሯቸው ሄደ። አዲሱ የጥበቃ ማዕቀፍ የቢሮ በር አይጠብቅም፤ የሚጠይቀው ሰውየውን ነው። ማን ነህ? የያዝከው ላፕቶፕ እኛ የምናውቀው ነው ወይ? የፈለግከው ፋይልስ ይመለከትሃል? ስሙን የነገረውን ሰው እንኳ ዝም ብሎ አያስገባም፤ ስልኩ ላይ ቁጥር ልኮ "በል አንብብልኝ" ይለዋል። ትናንት የገባ ዛሬ እንደገና ይጠየቃል። እኔ በጣም ወደድኩት፤ በመጨረሻ የእኔን ጠባይ የያዘ ማሽን አገኘሁ።

መሠረት ከነዳፊዎቻችን ሁሉ የተዋጣላት ናት። ቀጨኔ ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ከሰብለ ጋር ትኖር ነበር። ንግግር አታበዛም፤ በስብሰባ ላይ ካሜራዋ ሲከፈት ሁልጊዜ እርሳሷ ጆሮዋ ላይ ነው። ለዘመን መለወጫ የሚወጣውን ዋናውን ጥለት እየሠራች ሳለ እናቷ አረፉ።

ቀብሩ ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ከመሥሪያ ቤት ተሰባስበን ለቅሶ ደረስን። ድንኳኑ ዳገት ላይ ስለተተከለ አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ነበር። መሠረት አጠገብ ቦታ ተለቀቀልኝና ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኳ ጮኸ። ሳታየው ለሰብለ ሰጠቻት። ሰብለ ከድንኳኑ ወጣ ብላ ለሆነ ሰው ቁጥር ስታነብ ሰማኋት። የታክሲ ታርጋ መስሎኝ አለፍኩት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አቶ ሰይፉ በብብታቸው ነጠላ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። የመሠረት ጥለት ነው። ሸማኔዎቻችን ገና አላዩትም፤ ሽሮ ሜዳ ሱቅ ውስጥ ግን ተሰቅሎ ተገኝቷል።

"ማን ነው የሸጠን?" አሉኝ።

የመግቢያ መዝገቡን ከፈትኩ። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ሰፈር፣ የትኛውን ፋይል እንደከፈተ ሁሉ ይጽፋል። ፋይሉን ከቢሮው ውጭ ያወረደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስሙ መሠረት ይላል። ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ። ቦታው ዊንጌት አካባቢ።

የታክሲ ታርጋ ያልኩት ቁጥር ያን ጊዜ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። የእናትሽ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠሽ፣ እኔን አጠገብሽ አስቀምጠሽ፣ በእህትሽ በኩል የመግቢያ ቁጥር ለነጋዴ ታቀብያለሽ! አልጠራጠርም ነበር። በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ጠራናት። ጥቁር ልብሷን ለብሳ መጣች።

"ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?" አልኳት።

"እትዬ ጽጌ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አብረን አልነበርን እንዴ?"

"ስልክሽስ? ሰብለ ቁጥሩን ለማን ነው ያነበበችው?"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ጥፋት ካለ የእኔ ነው" አለች።

"የማን ጥፋት ነው አላልንሽም" አሉ አቶ ሰይፉ። "ለማን ሰጠሽ ነው ያልነው።"

"እሱን አልናገርም ጋሼ። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።"

እኔ ይህን እንደ እምነት ቃል ወሰድኩት። እሷ ፊት መግቢያዋን ዘጋሁ፣ ላፕቶፗን ተቀበልኩ። እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታገደች። ወሬ መቼም አይደበቅም፤ በሳምንቱ ሽሮ ሜዳ ያሉ ሱቆች ሁሉ "ጥለት የሸጠችው ልጅ" ይሏት ጀመር። በዚህ ሙያ እንዲህ የተባለ ነዳፊ ሌላ ቦታ እርሳስ የሚያስይዘው የለም። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ አውቄም ደግ አደረግኩ አልኩ።

አቶ ሰይፉ የስንብት ደብዳቤውን ከማስረጃ ጋር አዘጋጂ አሉኝ። መዝገቡን እንዳለ አተምኩት። ሠንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ አንድ ወረቀት አልበቃውም፤ የመጨረሻው ዓምድ ለብቻው ሁለተኛ ወረቀት ላይ ወጣ። ስክሪን ላይ ሳየው ወደ ጎን ገፋ አድርጌ አይቼው የማላውቀው ዓምድ ነው። እንዲህ ይላል፦ "መሣሪያው አይታወቅም። በልዩ ፈቃድ ገብቷል። ፈቃዱን የሰጠው፦ ጽጌ።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወንበሬን ስቤ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ ወዲያው ትዝ አለኝ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ መብራት እየጠፋ ያስቸግር ነበር። የነዳፊዎቹ ላፕቶፕ ባትሪ ሲያልቅ ሥራ ይቆማል። አቶ ሰይፉ ደውለው "ባገኙት ኮምፒውተር ይግቡ በቃ፣ አታካብጂ" አሉኝ። እየተነጫነጭኩ ለሦስት ቀን ፈቀድኩ። "ለሦስት ቀን" ያልኩት ግን በአፌ ነው፤ ማሽኑ ላይ የሚያበቃበትን ቀን አልጻፍኩም። ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት። ያ ማንንም የማያምነው ማዕቀፌ ሁለት ወር ሙሉ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ እሺ እያለ ሲያስገባ ከርሟል።

በዚያ ልዩ ፈቃድ የገቡትን ሁሉ ስም አወጣሁ። በመሠረት ስም ከተገባበት ከዚያው የማይታወቅ ኮምፒውተር ላይ፣ አምስት ደቂቃ ዘግይቶ ሌላ የእኛ ሰው ገብቷል። ዳዊት ነው፤ ዊንጌት የሚኖር ነዳፊ፣ ከመሠረት ጋር አብሮ የተቀጠረ። ደውዬ አስመጣሁት።

ጥያቄ እንኳ አልጨረስኩም። "እኔ ነኝ የገባሁት" አለኝ። "ሐዘን ላይ ሆና የማስረከቢያ ቀኗ ደረሰ። እናቷን ቀብራ መጥታ ጥለት ትሥራ እንዴ? ቀለሙ ብቻ ነበር የቀረው፣ ጨረስኩላት። ፓስወርዷን ሰጠችኝ፣ ቁጥሩን ሰብለ አነበበችልኝ። ሐዘን ለደረሰበት ሰው እንዲህ አይደረግም?"

"ታዲያ በራስህ ስም አትገባም?"

"የእሷን ፋይል መች ያስከፍተኛል? አንቺ አይደለሽ እንዴ የዘጋሽው!"

እውነቱን ነው። እያንዳንዱ ነዳፊ የራሱን ሥራ ብቻ እንዲያይ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

"እስካሁን ለምን ዝም አልክ?"

"ታገደች ሲሉኝ እመጣለሁ ብዬ ደወልኩላት። 'ከመጣህ ሁለታችንንም ያባርሩናል፣ ያንተ ልጅ ትንሽ ናት' አለችኝ።" ዓይኑን ጠረገ።

የዚያን ዕለት ሰፈሩ መብራት ስላልነበረው ጄኔሬተር ካለው ማተሚያ ቤት ሄዶ ነበር የሠራው። ቀለሙን ለማየት ጥለቱን አወረደ፣ አተመ፣ ወጣ። አብረን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄድን። ፋይሉ እስካሁን ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሏል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ "ደንበኛ የረሳውን አልሰርዝም፣ ተመልሰው ይጠይቁኛል" አለችን። "እንዴት ያምራል! አንዱ ልብስ ነጋዴ አይቶት ወደደው፣ አተምኩለት። ምነው፣ ጥፋት ነው እንዴ?"

ሌባ ፍለጋ ነበር የወጣሁት፤ አንድም አላገኘሁም።

ቢሮ ተመልሼ ሁለቱንም ወረቀት አቶ ሰይፉ ፊት አስቀመጥኩ። ዳዊት የነገረኝንና ማተሚያ ቤቱ ያየሁትንም ነገርኳቸው።

"ይህን ማን ያውቃል?"

"እኔና ዳዊት።"

"ልጅቷ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላለች። ፓስወርድ መስጠትም ጥፋት ነው፣ አይደለም?" ሁለተኛውን ወረቀት በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "ይቺ ባትያያዝስ? ለአንቺም ለእኔም ነው የምለው።"

አልዋሽም፣ አሰብኩበት። መዝገቡን ማንበብ የሚችል ከእኔ በቀር ማንም የለም። ባላያይዘው ማንም አይጠይቀኝም። ይሄ ሐሳብ ደስ ስላለኝ በራሴ አፈርኩ።

ሰኞ ሁሉም ነዳፊዎች በቪዲዮ በሚገናኙበት ስብሰባ ላይ ካሜራዬን ከፍቼ ሁለተኛውን ወረቀት አነበብኩ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ መሠረት ጥለት አልሸጠችም አልኩ። አቶ ሰይፉ በኋላ "እኔ ነኝ ፍቀጂ ያልኳት" ብለው ጨመሩ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። የሽሮ ሜዳ ደንበኞቻችን ጋም አቶ ሰይፉ ራሳቸው እየደወሉ የልጅቷን ስም አጸዱ።

ከሰዓት ላፕቶፗን ይዤ ቀጨኔ ወጣሁ። ድንኳኑ ተነስቷል። መሠረት በር ከፈተችልኝ፤ ግቢ አለችኝ እንጂ አልሳመችኝም። ያልኩትን ሁሉ አዳመጠችኝ።

"ፈቃዱን ረሳሽው፣ እሺ፣ ሰው ይረሳል" አለችኝ በመጨረሻ። "እኔን ያንገበገበኝ እሱ አይደለም። ያን ቀን አጠገቤ ስትቀመጪ እጄን ይዘሽኝ ነበር። ልታጽናኚኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር እኮ። ለካ ስልኬን ነበር የምትጠብቂው።"

ያን ቀን አልነበረም፤ የጠረጠርኳት በኋላ ነው። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ልዩነቱ ለእሷ ምን ያደርግላታል? አለቀስኩ። እሷ ግን አላለቀሰችም።

በሳምንቱ ሥራ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ሐዘን የደረሰበት ሰው የሚተካውን ባልደረባ ስም ይነግረኛል፤ ተተኪው በራሱ ስም ገብቶ ያንን ሥራ ብቻ ያያል፣ በሰባተኛው ቀን መግቢያው በራሱ ይዘጋል። ይህን ለማዘጋጀት የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው። ከመጀመሪያው አስቤው ቢሆን ማንም ፓስወርድ አይሰጥም ነበር። መሠረት አሁንም ሰላም ትለኛለች፣ ሥራ እንነጋገራለን። ከዚያ ያለፈ ነገር አታወራኝም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ ልዩ ፈቃድ ስትሰጡ የሚያበቃበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ። ሰው ከመጥራታችሁ በፊት መዝገቡን እስከ መጨረሻው ዓምድ አንብቡ። ለቅሶ ስትሄዱ ያያችሁትን ደግሞ ማስረጃ አታድርጉት።