የሙሄዲን አውሬዎችና ዓይናቸው

ሙሄዲንን ሰዎች ሰዓሊ ሲሉት እኔ ሁልጊዜ እጨምርበታለሁ፤ የአውሬ ሰዓሊ ነው። ሰው ሣል ቢሉት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ጎሽ፣ ከርከሮ፣ ድኩላ፣ ጅግራ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ደሴ እያለ የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነበር፤ ካርቱም ከገባም በኋላ እንጀራው ያው ታፔላ ነው። እኔ ተሰማ ደግሞ እዚያው ካርቱም፣ ሳጃና የሚባል ሰፈር አናጺ ነኝ። የሥዕሎቹን ፍሬም የምሠራለት እኔ ስለሆንኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። አውቀዋለሁ ማለቴም ድፍረት ነው፤ እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ ነው።

ዓመቱ የሚዞረው እንዲህ ነበር። ዝናቡ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ታፔላውን ጥሎ ወደ ዲንደር ይሄዳል። ዲንደር በኢትዮጵያ ጠረፍ አጠገብ ያለ የዱር አራዊት ጥብቅ ቦታ ነው። ከጠባቂዎቹ ጋር ተላምዷል፤ ኩሬ ዳር ተቀምጦ አውሬው ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ ያያል። ያያል ብቻ፣ እዚያ ብዙም አይሥልም። ሙቀቱ ሲበረታ ከስቶና ጠቁሮ ይመለስና ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ተቀምጦ ይሥላል። ዝናቡ ሲያባራ ቡሪ ሰፈር አዳራሽ ያላት ሲት ሁስና የምትባል ሱዳናዊት ኤግዚቢሽን ታዘጋጅለታለች። ከዚያ እንደገና ዲንደር።

ችግሩ ቤቱ አንድ ክፍል መሆኑ ነው። ሚስቱ ዘሊካ የወሎ ቃሉ ልጅ ናት፤ ቀን ቀን ሰው ቤት ትሠራለች፣ ሶላቷን ግን አታሳልፍም። ነፍስ ያለው ነገር ተሥሎ ባለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብላ ታምናለች። እሱም ያምናል፤ እያመነ ግን ይሥላል። ግድግዳዬን ማርያምና ጊዮርጊስ የሞሉት እኔ ክርስቲያኑ ይህን እንዴት ብዬ ልረዳው? ብቻ ሸኽ ሳይጠይቁ ሁለቱ በመሃላቸው ተስማሙ። አውሬዎቹ ቤት ውስጥ እስካሉ ድረስ ዓይን አይሠራላቸውም፤ ዓይን የሌለው ገና ነፍስ አልገባበትም አሉ። ስለዚህ ሙሄዲን ቀንዱንም ጠጉሩንም ጨርሶ የዓይኑን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የሁሉንም ዓይን ይሠራል። ያን ቀን መገኘት ነበር፤ ጎሹ ድንገት ያፈጥብሃል። ሳይሸጡ የቀሩት ወደ ቤት ስለማይመለሱ የሚከርሙት እኔ ሱቅ ነው፤ መጋዝ ስስብ ያዩኛል። ዲንደር የምሄደው ለዓይናቸው ነው፣ ሌላውን ከመጽሐፍም አገኘዋለሁ ይል ነበር ሙሄዲን። ዘሊካ ግን አንዱንም ዓይን ተሠርቶለት አይታው አታውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ላይ፣ ልክ ዓይን ሊሠራ ባለበት ቀን ሙሄዲንን ወባ ጣለው። ሥዕሎቹን ጭኜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለሲት ሁስና በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ አላለቁም አልኳት። ሰዓሊ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው ብላ ሳቀችና እንዲሁ ያለ ዓይን ሰቀለቻቸው።

የተከተለውን እዚያ ባልኖር አላምንም ነበር። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ሰው ይህ የደቡቡ ጦርነት ነው አለ። አንዲት ኸዋጃ፣ ፈረንጅ ሴት የለም፣ ከምድር እየጠፉ ያሉት አራዊት ናቸው ብላ እንባዋ መጣ። ሌላው ሰውዬ ደግሞ ዕውሮቹ እኛ ተመልካቾቹ ነን አለ፤ ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበርና ተናደድኩ። አንድም ሳይቀር ተሸጠ። ሙሄዲን ተሽሎት ስነግረው አልጋው ላይ ቁጭ አለና፣ “ታዲያ ደስ ያሰኛቸው ያልሠራሁት ነው ማለት ነው?” አለኝ።

በዓመቱ ሲት ሁስና እንደ አምናው ይሁን፣ ዓይን እንዳትነካ አለችው። እሺ አለ። በሚቀጥለውም እሺ አለ። ይኩራ ይፈር መለየት አቃተኝ፤ እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሱቄ መጥቶ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው ማለት ነው፣ አይደል ይለኛል፤ ወዲያው ጥፍሩን መብላት ይጀምራል። ለዘሊካ አልነገራትም። ምን ብዬ ልንገራት ይል ነበር። በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ እንደ ድሮው ብሩሹን ይዞ ከቤት ይወጣል፤ እኔ ጋ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። እሷ አዳራሽ የዋለ ይመስላታል።

አንድ ዓመት የዘሊካ አሠሪ ባልሽ እኮ ታዋቂ ሰው ነው፣ ሄደሽ እይለት ብላ ቀደም አድርጋ ከሥራ ለቀቀቻት። ዘሊካ ንጹሕ ቶቧን ለብሳ አዳራሹ ገባች። ሙሄዲን ሲያያት ጥግ ላይ ደርቆ ቀረ። እሷ ከሥዕል ሥዕል እየሄደች አንዱንም ሳትዘል አየች። ከጎሹ ፊት ስትደርስ ዞር አለች።

“ሙሄ፣ እነዚህን እኮ ቤት አውቃቸዋለሁ። የመጣሁት ዓይናቸውን ለማየት ነበር።”

ተሸጠዋል አላት። “ኻላስ? በቃ አለቀ?” ብላ ጠየቀችው። “ኻላስ” አለ። ያልተሸጠች አንዲት ትንሽ ጅግራ ብቻ ነበረች። ዘሊካ ከግድግዳው አወረደቻትና ይዛት ሄደች።

በማግሥቱ ጁምዓ ነበር። ጠብ አለ ብዬ ላስታርቅ ቤታቸው ሄድኩ። ጠብ የለም። ጅግራዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዘሊካ ብሩሹንና ቀለሙን ሙሄዲን ፊት ካኖረች በኋላ የመስገጃ ምንጣፏን ጠቅልላ ተነሣች። ያላ፣ በል ጨርሳት፣ እኔ ሉጥፊያ ቤት እሰግዳለሁ አለችና ወደ ጎረቤቷ ወጣች።

ሙሄዲን ብሩሹን ነከረ። አነሣው። አስቀመጠው። እንደገና ነከረ። ቀለሙ ጫፉ ላይ ደረቀ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ተሰማ፣ የጅግራ ዓይን ምን ዓይነት ነው?” አለኝ።

እኔን ነው የምትጠይቀው ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ፊቱን ሳይ ደነገጥኩ፤ ገበያ መሃል እናቱ የጠፋችበት ልጅ ይመስል ነበር። በየዓመቱ ዲንደር ሄዷል፣ ኩሬው ዳር ተቀምጧል። ዓይን ስለማያስፈልግ ግን ጀርባና ቀንድ ሲያይ ከርሞ ይመለስ ነበር። አይቻለሁ እኮ፣ አላየሁም እንዴ እያለ ይደጋግማል። አዘንኩለት፤ እውነቱን ለመናገር አልቅስ አልቅስ አለኝ።

ዘሊካ ስትመለስ የጅግራዋ ዓይን ባዶ እንደሆነ ነው። “ጠፋኝ” አላት። እኔ ቤቷ ዓይን ካለው ሥዕል ስለተረፈላት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ምንጣፏን በብብቷ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

“እንግዲያው ዓይን ባይኖራትም፣ ሄደህ አይተህ እስክትሠራት ድረስ የምሰግደው እዚያው ሉጥፊያ ቤት ነው። ጅግራዋም ከዚህ አትወጣም፣ ኢንሻላህ።”

ሙሄዲን እሷን አየ፣ ጅግራዋን አየ። ከዚያ የዲንደር መንገድ ደርቆ እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ።