ገበያነሽ ሐይቁ ላይ የወጣች ቀን

ገበያነሽ ሀዋሳ ከገባች ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከወላይታ ሶዶ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አክስቷን ለጥቂት ወራት ልታግዝ ነበር፤ አንድ ቀን የአክስቷ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች፣ በዚያው ሳትነሣ ቀረች። ዛሬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤቷ በረንዳ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፤ የመዘምራን ልብስ ሲታዘዝ ደግሞ ቤቱ እስከ ጓዳው ድረስ በሐምራዊ ጨርቅ ይሞላል። ባሏ ግዛቸው ዕድሜውን ጀልባ ሲጠግን የኖረ አናጢ ነው። ሐይቁ በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እሷ ግን አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ «ገበያነሽ ውሃ ትፈራለች» ይላል። እሷም አስተባብላ አታውቅም።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር አሮጌ ጀልባውን ለግዛቸው «ከዳነልህ ያንተ ነው» ብሎ ትቶለት ሄደ። ግዛቸው ከሥራ በኋላ እየሄደ የበሰበሰውን ሳንቃ ነቀለ፣ አዲስ ተካ፣ ስንጥቁን ደፈነ፤ ሦስት ወር ፈጀበት። ሞተር ግን አልገጠመለትም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆም አለና፣

«በሸራ እንዲሄድ ነው የምፈልገው» አላት።

«ሸራ ምን ያደርግልሃል?»

«ነፋስ ይይዝልኛል። ሠላሳ ዓመት ሞተር ጆሮዬ ሥር ሲጮህ ኖሯል። ሐይቁ ራሱ ምን እንደሚል ሰምቼው አላውቅም።»

ግዛቸው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ይህን ያህል ከተናገረ ነገሩ በሆዱ ሲብላላ ከርሟል ማለት ነው፤ ገበያነሽ ይህን ስለምታውቅ አልተከራከረችም። «ልኩን አምጣልኝ» ብቻ አለችው።

ልኩን ያመጣችው ልጃቸው ሩታ ናት። ሩታ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች። የሸራውን ቅርጽ ከስልኳ ላይ ወረቀት ላይ ገለበጠችው፤ ከገበያም የዝናብ ልብስ ቁርጥራጭ በከረጢት ሙሉ ገዝታ መጣች፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቂት ቀይ። ገበያነሽ እየገጣጠመች እንደ ጂንስ ሱሪ በድርብ ስፌት አጠበቀችው። ሸራው ከመኪናው ወርዶ ወለሉ ላይ ሲከማች የቤቱ ድመት መሐሉ ገብታ ትተኛበታለች። ድመቷ ጺሟ ከፊቷ ስለሚሰፋ ሩታ በሐይቁ ባለጺም ዓሣ ስም «አምባዛ» ብላታለች።

ሸራው በአንድ ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ጠዋት ጠቅልለው በባጃጅ ጭነው ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ሄዱ። በጀልባው የሚሄዱት ግዛቸውና ሩታ ነበሩ፤ ወደ ቡሹሎ ዳርቻ ደርሰው ሊመለሱ። ገበያነሽ የመጣችው ስፌቷ እንዴት እንደሚይዝ ከዳር ሆና ልታይ ነው።

ግዛቸው ጥቅሉን ጀልባው ውስጥ ሲፈታ አምባዛ ከመሐሉ ብቅ አለች። ሐይቁን አየች፣ ዓሣ የሚበለትበት ቆመው ትርፍራፊ የሚጠብቁትን ትልልቅ አባ ኮዳ ወፎች አየች፣ ዘልላ ከጀልባው አፍንጫ ሥር ገባች። ግዛቸው ቢጠራት፣ ሩታ ብታባብላት ወይ ፍንክች።

«ከእማዬ በቀር ለማንም አትወጣም» አለች ሩታ።

ገበያነሽ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች፣ ገባች። ጀልባው ከእግሯ ሥር ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ አለ፤ ሕፃን ያዘለ ሰው እሹሩሩ ሲል እንደሚወዛወዘው። ድመቷን ከሥር አውጥታ አቀፈቻት። ግን አልተነሣችም። ሩታ አየቻት።

«እማዬ፣ ለምን እዚያው አትቀመጪም?»

ግዛቸው ገመዱን ሳይፈታ ጠበቀ። ገበያነሽ ወደ ባሏ አየች፣ ወደ ውሃው አየች፤ ከዚያ አንዱን ተንሳፋፊ ሰደሪያ አንሥታ ለበሰች። ሩታ ሌላ ሰደሪያ ተበድራ መጣች፤ ግዛቸው ገመዱን ፈታው።

ሰዓቱ ሦስት ገደማ ነበር። ነፋሱ ስስ ነው፤ ሸራው ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሆዱን ነፍቶ ጸና። ገበያነሽ ስፌቱን አንድ በአንድ በዓይኗ ተከተለች፤ የትም አልሳሳም። የዳሩ ጫጫታ፣ የሻጮቹ ድምፅ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ አንድ በአንድ እየወደቀ ኋላ ቀረ። ውሃው ሳንቃውን ሲዳብስ ብቻ ይሰማል። ዞር ስትል ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረችበት ከተማ ከዛፎቹ ጀርባ አንሷል፤ ታቦር ተራራ ብቻ እንደነበረ አለ። እዚያ ውስጥ በረንዳዋ አለ፣ መኪናዋ አለ፣ ያልታጠፈ የሱሪ ጫፍ አለ። የሌላ ሴት ኑሮ መሰላት፤ ስለዚያች ሴትም አላዘነችም፣ አልቀናችባትም። እጇን ውሃው ላይ አደረገች። ለብ ያለ ነው። ሐሳቧ ሁሉ እየረዘመ፣ እየቀጠነ፣ ከጣቶቿ ኋላ እንደሚቀረው መስመር ሄደ።

ከግማሽ መንገድ በኋላ ነፋሱ ጠፋ። ሸራው ወደቀ። ሐይቁ እንደ መስተዋት ተዘረጋ፤ ደመናው ከላይም ከታችም ሆነ። ጀልባው ራሱን ችሎ በዝግታ ወደ ደንገሉ ተጠጋ።

አምባዛ ከገበያነሽ ጭን ላይ ቀና አለች። ጆሮዋ ቆመ። ገበያነሽ የድመቷን ዓይን ተከትላ ስታይ፣ ከደንገሉ ጥግ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች፣ ከጆሮዎቹ ፊት ደግሞ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳዎች ውሃው ላይ ነበሩ። ጉማሬ ነው። ሃያ ክንድ አይርቅም።

«ግዛቸው» አለች በሹክሹክታ፣ «በስተግራ አለልህ። ሸራውን አትንካ፣ እንዳይንኳኳ። ሩታ፣ መቅዘፊያውን ሳትረጪ አስገቢ።»

ሩታ ወደ ጥልቁ ውሃ ቀዘፈች። ገበያነሽ በአንድ እጇ ድመቷን አቅፋ፣ በሌላው ሁለተኛውን መቅዘፊያ አንሥታ አብራ ገፋች። ጉማሬው አፍንጫውን ነፋ፣ አያቸው፣ ደስ እንዳለው ቀስ ብሎ ሰመጠ። የሰመጠበት የውሃ ክብ እየሰፋ መጥቶ ጀልባቸውን ከነካ በኋላም እስኪርቁ ድረስ አልቆሙም።

ግዛቸው ወደ እሷ ዞረ።

«አልፈራሽም» አላት።

«ጉማሬውንማ ፈራሁ።»

«ውሃውን ማለቴ ነው።»

«ውሃ እፈራለሁ ያልኩህ መቼ ነው?»

«በተጋባን ዓመት፣ ጀልባ ላይ እንውጣ ስልሽ እንቢ አላልሽም?»

ገበያነሽ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋደመች። «ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ገና ሁለት ወር ነበር፤ ለአንተም አልነገርኩህም። የዓሣው ሽታ ብቻውን ያስመልሰኝ ነበር። በጀልባ ስወዛወዝ ምን እንደምሆን አስበው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ አልጠየቅከኝም።»

ግዛቸው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው። ሃያ ሰባት ዓመት የሌላውን ሰው ሁሉ ጀልባ ሲጠግን፣ ሞክሮ ሲነዳ፣ ሙሽራና እንግዳ ሲያሻግር፣ እሷን ግን እንዳይቸግራት ብሎ ከዳር ሲተዋት ኖሯል። ለእሷ ማዘኑ ነበር። እሷ ደግሞ ባሏ ውሃውን ለብቻው የሚወደው መስሏት በሩን ሳታንኳኳ ቀረች።

«ታዲያ ያስቀረኋችሁ እኔ ነኛ» አለች ሩታ።

«አንቺማ ምን አደረግሽ» አላት አባቷ። ከዚያ ለገበያነሽ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ «መጠየቅ ነበረብኝ» አለ።

«እኔም መናገር ነበረብኝ» አለች።

ነፋሱ ሲመለስ መጀመሪያ የውሃው ፊት ሸካራ ሆነ፣ ከዚያ ሸራው ተነሣ።

ቡሹሎ ሲደርሱ ረፋድ ሆኗል። አንዲት የበቆሎ ማሳ የምትጠብቅ እናት ድመት ይዘው ከሐይቅ ሲወጡ አይታ ብዙ ሳቀች፤ በሲዳምኛ ጠየቀቻቸው፣ ሩታ በምታውቀው ያህል መለሰችላት። እሸት ጠበሰችላቸው። አምባዛ ከማሳው ዳር አንድ ሾላ ዛፍ ሥር ተኛች። ገበያነሽም ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ፣ መሬቱ አሁንም የሚወዛወዝ እየመሰላት፣ አንቀላፋች።

በመልሱ የከሰዓቱ ነፋስ በርትቶ ነበር። ግዛቸው ከኋላ ተነሥቶ የጀልባውን መሪ እጀታ ሰጣት፤ «ነይ፣ ያዢው። ጥብቅ አድርጊው እንጂ አትታገዪው» አለና ሄዶ ከሩታ አጠገብ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። መሪው እንደ ሕያው ነገር መዳፏ ውስጥ ይስባል። ጥቂት ቆይታ ለመደችው።

አሞራ ገደል ሲቀርብ ግዛቸው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አሁን ወደ ቀኝ» አላት።

ገበያነሽ ወደ ግራ መለሰችው። ጀልባው ከዳሩ ዞሮ እንደገና ወደ ሰፊው ውሃ ወጣ። ግዛቸው አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ አየና፣ ከደነው።