ከሐራጁ የቀሩት ጋኖች

ቦንጊም ያንን ቤት ያገኘችው ሌላ የሚፈልገው ስለጠፋ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጋግሞ ለሐራጅ ቢያቀርበውም ተጫራች አልመጣም። ዋጋው እየወረደ፣ እየወረደ መጥቶ በመጨረሻ የእሷ ፖስታ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። የፍርድ ቤቱ ሰው ስሟን ጠርቶ እሷ ከወንበሯ ተነስታ ሳትጨርስ የሚቀጥለውን ቤት መጥራት ጀመረ። ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ስትንከራተት የኖረች ሴት የቤት ባለቤት የሆነችው እንዲህ ነው፤ ግማሽ ተነስታ፣ ግማሽ ተቀምጣ።

እኔ ከቤቱ በላይ በኩል፣ በአንድ የድንጋይ አጥር ተለይቼ ነው የምኖረው። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ እሷው ነግራኛለች።

በእኛ ወደብ ቤቱ ሁሉ ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ደረጃ የሌለው ማግኘት ጭንቅ ነው። ያኛው ግን ሜዳ ላይ ነው። ቦንጊም የፈለገችውም ይህንኑ ብቻ ነበር። ባሏ ዳልሱ የጀልባ ሞተር ይጠግን የነበረ ሰው ነው፤ ካቻምና በብርዱ ወራት ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ። ንግግሩም አብሮ ሄደና አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው። ከተማው ሆስፒታል፣ ስድስት በሽተኞች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነው ያለው። እሁድ እሁድ ልትጠይቀው ስትሄድ በደህና እጁ እጅጌዋን ይይዝና "ቤት" ይላታል።

የትኛው ቤት? ተከራይተው የነበሩትን ክፍል ከለቀቀች ቆይታለች። እሷ ራሷ የምታድረው በሥራ ቦታዋ፣ ጣት የምታህለውን ዓሣ እየቀቀሉ ፀሐይ ላይ ከሚያሰጡበት ግቢ ጓዳ ውስጥ ነበር። "ውርጭ ሳይወርድ እወስድሃለሁ" አለችው። ይህን ያለችው ዛፉ ሁሉ ባበበ ጊዜ ነው፤ ያኔ ውርጭ ሩቅ ነበር። እሱ ግን ቃሏን ያዘ። ከዚያ በኋላ እሁድ ስትመጣ እጅጌዋን ከመያዙ በፊት መጀመሪያ መስኮቱን ያያል።

የቤቱን ነገር ምን ልበል። የጣሪያው ሸክላ በሰሜን በኩል ተሰነጣጥቆ ሰማይ ያሳያል። ቤቱን ለማሞቅ በዋናው ክፍል ወለል ሥር የሚሄደው የሙቅ ውሃ ቱቦ ፈንድቶ ወለሉ ስትረግጡት ያረገርጋል። ግድግዳው ሻግቶ ልጣፉ በላይ በላዩ ይላጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ሰው አለ።

ሴትዮዋ ፒልሬ ናት፤ የእኔ እኩያ። በዚያ ቤት ሙሽራ ሆና ገብታ፣ ከዚያው ቤት ባሏን የቀበረች ናት። ልጇ ኪሆ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈረመና ባንኩ ቤቱን ያዘው። እሱም ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ቀረ። በሩ ላይ ወረቀት የለጠፉ ዕለት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ሁልጊዜም ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ ያን ቀን ግን ከወትሮውም ይበልጥ ቀስ አልኩ።

ቦንጊም አንድ ካርቶን ጭማቂ ይዛ መጣች። እኔም ጠብ እንዳይነሳ ብዬ ተከትያት ገባሁ።

"በሩን ዝጊው፣ ንፋሱ ገባ" አለች ፒልሬ ቀና ሳትል። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ "ተይው። ንፋሱም ያንቺ ነው አሁን።"

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤት ስለሌለኝ ነው እንጂ…"

"እኔስ አለኝ?"

ቦንጊም ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ፒልሬ ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበችው። "የወይን ነው? ወይን ጥርሴን ያመኛል።"

"የብርቱካን ነው፣ እማማ።"

"እሱስ ደህና።"

ፒልሬ ከተማ ያለችው ሴት ልጇ ዘንድ ለመሄድ አስቀድማ ቆርጣ ነበር። ጠብ አልፈለገችም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። አንደኛው በጓሮው መደብ ላይ የተደረደሩት ጋኖች ናቸው።

"ፍርድ ቤቱ ቤቱን ነው የሸጠው፤ ጋኖቹን አልሸጠም" አለች።

"ይውሰዷቸው እማማ። መኪና እጠራለሁ።"

"ውስጡ ያለው ለወጥ ማጣፈጫ ዘንድሮ የጣልኩት ጃንግ ነው። አኩሪ አተሩ ገና እየበሰለ ስለሆነ አሁን ቢነቃነቅ ይበላሻል። የልጄ ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ሰማይ ጥግ ነው፤ እንኳን ለጋን ለእኔም ቦታ የለው። ቅጠል እስኪረግፍ እዚሁ ይቆይልኝ። ፀሐይ ስትወጣ ክዳኑን ክፈቺ፤ ደመና ሲመጣ ዝጊ። ዝናብ ከነካው አለቀለት።"

ሁለተኛው ከማድቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ክፍል ናት። በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። "የኪሆ ዕቃ ነው። መጥቶ ያወጣዋል። እስከዚያ እንዳትነኪው።"

ቦንጊም ለሁለቱም እሺ አለች። የደከመው ሰው እሺ ማለት ይቀለዋል።

ፒልሬ በሄደች ማግስት ቦንጊም እንደ ወጉ ከዕቃዋ ሁሉ መጀመሪያ የሩዝ ማብሰያዋን አስገብታ ወለሉ መሃል አስቀመጠችው። ማብሰያው ወደ አንድ ጎኑ ዘመም አለ።

ቤቱን የሚጠግነው ጋሼ ፓንግ ጣሪያም፣ ቱቦም፣ ግድግዳም የሚሠራ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ግቢው መሃል ቆሞ ዙሪያውን አየና ሳቀ። ቦንጊምን ሩቅ ባገባችው ልጇ ስም ነበር የሚጠራት።

"የቦራም እናት፣ ይህን ቤት አይተሽ ነው የገዛሽው?"

"አይቼ ነው።"

"እንግዲያው ከጣሪያው በፊት ዓይንሽን እንጠግን።"

የሙቀቱ ወራት እንዲህ እያለ ገባ። ቦንጊም ሳይነጋ ዓሣ ስትቀቅል ትጀምራለች። ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ፓንግ ጋር ወለል ትሰብራለች፤ ስባሪውን በጆንያ ተሸክማ ታወጣለች። አንዱ ሲነቀል ከሥሩ ሌላ የተበላሸ ይገኛል። ምሳዋን መደቡ ላይ፣ ጋኖቹ መሃል ተቀምጣ ሩዝ በውሃ በጥብጣ በኪምቺ፣ በተብላላ ጎመን፣ ትበላለች። አንድ ቀን በአጥሩ በላይ ሳያት ማንኪያውን እንደያዘች እንቅልፍ ወስዷታል። የቀሰቀሳት ስልኩ ነው።

"ክዳኑን ከፈትሽ?" የፒልሬ ድምፅ እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

"ከፍቻለሁ፣ እማማ።"

"ደመና እኮ ይታየኛል።"

"እርስዎ ያሉት ከተማ ነው፤ ያኛው ሌላ ደመና ነው።"

"ደመና ደመና ነው። ዝጊው።"

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ቀና አለች። "ቤት ስገዛ እኮ ከአከራይ ጭቅጭቅ እገላገላለሁ ብዬ ነበር" አለችኝ። ሥራ ላይ ስትሆን ክዳኖቹን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነበርኩ፤ ጉልበቴ ባይወደውም።

የዝናቡ ወራት አለፈ። ጋሼ ፓንግ ጣሪያው ይቅደም ብሎ ነበር፤ ሸክላው ግን ከፋብሪካ ዘገየ። ቦንጊም ቀኑ እየሄደባት ሲመጣ ወለሉ ይቅደም አለች። አዲስ ቱቦ ተዘረጋ፤ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ሲሚንቶው ገና ሳይጠነክር ሸክላው መጣና የሰሜኑ ጣሪያ ተከፈተ። እስኪከደን ሸራ ተወጠረበት። "ትንሽ ፀሐይ ብቻ ይስጠን" አለ ጋሼ ፓንግ።

ፀሐይ አልሰጠንም። እኔ ያን ዕለት ለጉልበቴ ከተማ ሐኪም ቤት ነበርኩ፤ ጋሼ ፓንግም አልነበረም። ንፋሱ ድንገት ከባሕር በኩል ዞረ። ቦንጊም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የተሰጣውን ዓሣ አነሳስታ በሩጫ ወደ ቤት መጣች። ስትደርስ የሸራው አንድ ጥግ ተፈትቶ ይርገበገባል። ጠዋት ስወጣ የከፈትኩት የጋኖቹ ክዳን ደግሞ ሁሉም ክፍት ነው። መሰላሉ ላይ ወጥታ ገመዱን ብትስበው ሸራው ይይዝ ነበር። እሷ ግን ወደ ጋኖቹ ሮጠች። የመጨረሻውን ክዳን ስትገጥም ሸራው ተገንጥሎ አጥሬ ላይ አረፈ።

ከአውቶቡስ ወርጄ በስብሼ ስገባ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ አሁንም ክዳን ላይ ነው። ውስጥ ገብቼ አየሁ። የሰሜኑ የጭቃ ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ተንሸራቷል። የወደቀው አዲሱ ወለል ላይ ነው።

"ልጄ፣ ሸራውን ትተሽ ለምን ወደ ጋኑ?"

"እኔ እንጃ፣ እማማ። ስልኩ ይጮህ ነበር።" ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ቆይታ፣ "ቤቱ የራሴ ነው። ቢፈርስም የራሴ ነው የፈረሰው። ጋኑ ግን የሰው አደራ ነው" አለች።

በማግስቱ ጋሼ ፓንግ መጥቶ ዙሪያውን አየ፤ ምንም አልቀለደም። የነገሩን ክብደት ያወቅኩት ያኔ ነው። "ግድግዳው እንደገና፣ ወለሉ እንደገና" አለ መሬት መሬት እያየ። "ከውርጭ በፊት አይደርስም፣ የቦራም እናት።"

እሁድ ከእሷ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ለብ ያለ የአጃ ገንፎ እያጎረሰችው፣ አገጩን እየጠረገች፣ "ቤቱ አልደረሰም። ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው የምንሄደው" አለችው። ዳልሱ ደህና እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያን ቀን እጅጌዋን አልያዘም። በአውቶቡስ ስንመለስ፣ "ባይገባው ይሻል ነበር" አለችኝ።

ለፒልሬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ስልኩ ሲጮህ ቦንጊም እኔ ቤት ተኝታ ስለነበር አነሳሁት።

"ጋኖቼስ?"

"ጋኖችሽ ደህና ናቸው። የፈረሰው ቤቱ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሸራውንም፣ ግድግዳውንም፣ ዳልሱንም።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከተፍ አለች። ከበር ጀምራ ትጮሃለች። "አንቺ ቂል! ጃንግ እኮ በየዓመቱ ይጣላል! ባልሽን በጋን ትለውጪያለሽ? ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?"

"እርስዎ ነዎት ያሉኝ፣ እማማ።"

"እኔ ብዙ ነገር ነው የምለው!"

እየተቆጣችም ግን መደቡ ላይ ወጥታ ክዳኖቹን ከፈተች። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ሌላውንም ቀመሰች። ከዚያ ከማድቤቱ ጀርባ ዞረች፤ እኛም ተከተልናት። ቁልፉ እንደተወችው ነው። ዝጓል፤ ሸረሪት አድርታበታለች።

"ይህን መቁረጥ ትችዪ ነበር" አለች ዞር ሳትል። "ሌላ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይቆርጠው ነበር።"

"እኔም ልቆርጠው አስቤ ነበር። ደክሞኝ ነው።"

"ውሸታም።"

ከአንገቷ ክር ስባ መክፈቻውን አወጣች። በሩ ሲከፈት የመረብ ሽታ ወጣ። ክፍሏ ደረቅ ናት። በዚያ በኩል ጣሪያው ደህና ነው፤ ወለሏም ከሥሩ እሳት የሚነድበት የድሮ የድንጋይ ወለል ስለሆነ ቱቦ አይፈልግም። ፒልሬ ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ላይ ነው። አሁን ግን በኪሆ መረብ፣ በኪሆ ቦት ጫማ፣ በኪሆ ሳጥኖች ተሞልታለች። ምስማር ላይ ጃኬቱ ተሰቅሏል።

ፒልሬ ጃኬቱን አወረደችና ብዙ ቆመች። "አይመጣም" አለች፤ ለማናችንም አልነበረም። "ቢመጣም ለዚህ ቦት ጫማ ብሎ አይመጣም።"

ጃኬቱን አጥፋ ከቦርሳዋ ከተተች። "ምን ትገተራላችሁ? ያዙ እንጂ!" አለችን። ሦስታችን ተጋግዘን ዕቃውን ወደ እኔ ጎተራ አወጣነው። ከዚያ ከወለሉ ሥር ባለው ምድጃ አፍ ላይ ተንበርክካ እሳት አያይዛ እፍ አለች። ጭሱ በወለሉ ስንጥቅ ሁሉ ወጣ፤ ሁላችንም አለቀስን። "መጀመሪያ ያጨሳል" አለች ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። "ሙሽራ ሆኜ ስመጣም እዚሁ አልቅሻለሁ። ከጭሱ ነው ብዬ ዋሸሁ።" ጋሼ ፓንግም ተጠርቶ መጥቶ ስንጥቁን በጭቃ ደፈነ። አመሻሽ ላይ ድንጋዩ ሙቀት መያዝ ጀመረ። ፒልሬ ያን ሌሊት እኔ ዘንድ አድራ ወደ ልጇ ተመለሰች። መክፈቻውን በቦንጊም የሩዝ ማብሰያ ላይ ጥላው ሄዳለች።

የሆስፒታሉ ጉዳይ እስኪያልቅ፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እስኪገኝ ትንሽ ቀናት ሄዱ። ዳልሱ በመጣ ጠዋት የጋኖቹ ክዳን ነጭ ሆኖ ነበር። ውርጩ በአንድ ሌሊት ቀድሟታል።

ጋሼ ፓንግ አዝሎ አስገባው። ወለሉ ላይ ሲያስተኙት ደህና እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ መዳፉን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ፤ እንደዚያው አቆየው። ቦንጊም ደፉ ላይ ተቀምጣ ያቺን ቃል ጠበቀች። እሱ ግን ምንም ሳይል እንቅልፍ ወሰደው። ሙቀት ያደክማል።

ትንሽ ቆይቼ ሳይ እሷም ተኝታለች። ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ አልደረሰችም። እግሯ ውጭ ነው፤ ጭንቅላቷ ውስጥ፣ እሱ ጎን። ዋናው ክፍል አሁንም ግድግዳ የለውም፤ በሸራ ነው የተጋረደው። ቅጠሉም ከረገፈ ቆይቷል፤ ጋኖቹ ይነሱ ያለ ግን የለም።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እንዳይቀሰቅሳት ብዬ ቀስ አድርጌ አወጣሁት።

"ፀሐይ ወጥታለች አይደል? ክዳኑን ከፈትሽ?"

"ተኝታለች" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"እሱስ?"

"እሱም።"

"እንግዲያው አንቺ ክፈቺ፣ የላይኛዋ ጎረቤት" አለችኝ።

ጉልበቴን ይዤ መደቡ ላይ ወጣሁ። ውርጩን በእጅጌዬ ጠረግኩና ክዳኖቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።