የቤሳሪዮን የየመን ሸብ

በካኼቲ ምድር፣ ወይን ከጸሎት ቀጥሎ በሚከበርበት መንደራችን፣ ቤሳሪዮን የሚባል ጎረቤት አለኝ። በመዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ሚስቱን ናቴላን ግን የማይሰማ ሰው ነው። በዚያ ዓመት የልጅ ልጁ በመኸር ልትዳር ነበርና የሠርጉ ወይን ከጓሮው ተክል እንዲሆን በመላው ዘመድ ፊት ቃል ገብቷል።

የግንቦት ዝናብ ሲበዛ በወይኑ ላይ ሻጋታ ይወርዳል፤ ሻጋታውን የሚከለክለውም ሻቢያማኒ ነው። ይህ ሰማያዊ ድንጋይ በውኃ ሟሙቶ፣ ከኖራ ጋር ተዋሕዶ በቅጠሉ ላይ ይረጫል፤ ከቅጠሉም አልፎ የረጪውን ባርኔጣ፣ ጢሙንና ውሻውን ሰማያዊ ያደርጋል። በከረጢቱ ላይ «ኮፐር ሰልፌት» ተብሎ ቢጻፍም በዚያ ስም የሚጠራው የለም።

በጊዮርጊስ በዓል ማዕድ ላይ መምህር ዙራብ ስለ ስሙ ተናገረ።

«ሻቢያማኒ እኮ ከፋርሶች አፍ የመጣ ቃል ነው። የየመን ሸብ፣ ያ ነጩ የጨው ድንጋይ፣ ማለት ነው።»

ቤሳሪዮን ጽዋውን አስቀመጠ። መምህሩ ቀጥሎ፣ ስም እንደ መንገደኛ የራሱ ባልሆነ ቤት እንደሚያድር፣ የእኛው ሰማያዊ ድንጋይም የመዳብ ልጅ እንጂ ሸብ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረዳ። ቤሳሪዮን ግን በዚያን ጊዜ ካፖርቱን ለብሶ በሩን አልፎ ነበር።

በማግስቱ የእርሻ መድኃኒት ወደምትሸጠው ወደ ዛይራ ሄደ።

«ከየመን የመጣውን ስጪኝ።»

«አጎቴ ቤሳሪዮን፣ ዕድሜ ልክዎን የወሰዱት ይኸው ነው።»

«ዕድሜ ልኬን ስታታልሉኝ ኖራችኋላ!»

«ታዲያ ወይንዎ እስከ ዛሬ በምን ዳነ?»

«በጸሎት!» ብሎ ወጣ።

በቴላቪ ገበያ መላጨት ላቆሰለው አገጭ የሚሆን ነጭ ሸብ የሚሸጥ ነጋዴ አገኘ። «ከየመን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ነጋዴው «ከፈለጉት አገር ነው» አለው። ቤሳሪዮንም ከረጢቱን ተሸክሞ ተመለሰ፤ በጥብጦም ረጨ። የመንደሩ ወይን ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን የእርሱ ብቻ ነጭ ሆነ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይኑን ልትላጨው ነው እንዴ?» አሉት ጎረቤቶች በአጥር ላይ ተንጠልጥለው።

«ሙሽራዋ ማን ናት? ልጅቷ ወይስ ተክሉ?»

«ሳቁ! የመን ውስጥ የታመመ ወይን አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ከእኛ የመንን ያየ ስለሌለ ሁሉም ከአጥሩ ወረደ።

ዝናብ መጥቶ ነጩን አጠበው። በቅጠሎቹ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ታየ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናቴላ ወደ እኔ ወደ ዲያቆኑ መጣች።

«አባቴ ዲያቆን፣ ያ ድንጋይ ራስ የልጅቱን ሠርግ በውኃ ሊያስመርቀን ነው። ከዛይራ ሻቢያማኒ አምጥቻለሁ። የዛሬው የሠርክ ጸሎት በጣም... እንዲያው በጣም ቢረዝም?»

«ምን ያህል ይርዘም?»

«እስከ ጓሮው ጫፍ።»

ዝማሬን ማስረዘም ኃጢአት ነው የሚል መጽሐፍ አላነበብሁም። በዚያ ምሽት እያንዳንዱን ሃሌ ሉያ ጎትቼ ጎትቼ አዜምሁ። የቤሳሪዮን ወፍራም ድምፅ እንደ በሬ ደከመ፤ አሮጊቶች በመቋሚያቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ካህኑም ሁለት ጊዜ ዘወር ብለው አዩኝ። ናቴላ ግን መርጫውን በጀርባዋ አዝላ ጓሮውን ፈጸመች።

እሑድ ገና ሳይነጋ ከሄድንበት ቅዳሴ ስንመለስ ቤሳሪዮን በአጥሩ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ወይኑ ከሥር እስከ ጫፍ ሰማያዊ ነው። ናቴላ እጆቿን ከሽርጧ በታች ደበቀች፤ ነገር ግን ሰማያዊ ዶሮ ከእግሯ ሥር ታልፍ ነበር። ባሏ ዶሮዋን አየ፤ ወይኑን አየ።

«አላልኋችሁም?» አለ በመጨረሻ። «የየመን ሸብ ሲበስል ሰማያዊ ይሆናል!»

«ዶሮዋስ?» አልሁት።

«እሷም በስላለች።»

ሻጋታው ቆመ፤ ወይኑም በመኸር ለሠርጉ ተትረፈረፈ። ቤሳሪዮን በማዕዱ ራስ ላይ ተነሥቶ፣ የመጠጫ ቀንዱን በወይን ሞልቶ፣ ስለማያውቃቸው ስለ የመን ሰዎች ጤናና ሰላም ረጅም ምርቃት አቀረበ። ጥፍሮቿ ገና ሰማያዊ የሆኑባት ናቴላ ከሁሉ ቀድማ «አሜን» አለች።